የፍሳሽ ቆሻሻ አያያዝና ማጣራት በወረታና በፎገራ ሜዳ

የከተማ ፍሳሽ ማጣራት ማለት ከመኖሪያ ቤት፣ ከሆቴል፣ ከትምህርት ቤት፣ ከጤና ተቋምና ከገበያ ቦታ የሚወጣውን ያገለገለ ውሃና የመጸዳጃ ዝቃጭ ሰብስቦ፣ ሰውንና አካባቢን ወደማይጎዳበት ደረጃ አድርሶ ወደ ተፈጥሮ የመመለስ ሥራ ነው። ይህ ጽሑፍ ሥራው በመካከለኛ ከተማ ምን እንደሚመስል በደቡብ ጎንደር ዞን የምትገኘውን ወረታንና በዙሪያዋ ያለውን የፎገራ ሜዳ ምሳሌ አድርጎ ያስረዳል። ሜዳው ጠፍጣፋ፣ አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ያጥለቀልቁታል። ከዚያ የሚወጣው ውሃ ሁሉ መድረሻው ጣና ሐይቅ ነው። እነዚህ ነገሮች ለከተማዋ የሚስማማውን የማጣሪያ ዓይነት በእጅጉ ይወስናሉ።

የፍሳሽ ምንነት

ፍሳሽ ቆሻሻ 99.9 በመቶ ገደማ ውሃ ነው። ጉዳት የሚያደርሰው ቀሪው እጅግ ጥቂት ክፍል ሲሆን በውስጡ ሰገራ፣ ሽንት፣ የምግብ ትርፍራፊ፣ ቅባት፣ ሳሙናና አሸዋ ይገኛሉ። በከተማ ውስጥ ፍሳሽ በሦስት ይከፈላል።

የመጸዳጃ ፍሳሽ፦ ከሽንት ቤት የሚወጣው ነው። አብዛኛው በሽታ አምጪ ተሕዋስያን የሚገኙት በዚህ ውስጥ ነው።

እጣቢ፦ ከልብስና ከዕቃ እጥበት፣ ከገላ መታጠቢያና ከማድ ቤት የሚወጣ ውሃ ነው። በመጠን ከሁሉም ይበልጣል። የፍሳሽ መስመር በሌለባቸው ከተሞች ብዙውን ጊዜ በግቢ ውስጥ ወይም በመንገድ ዳር ቦይ ይፈስሳል።

የጎርፍ ውሃ፦ ዝናብ ከጣሪያ፣ ከመንገድና ከገበያ ጠርጎ የሚያወርደው ነው። በራሱ ከሌሎቹ ይልቅ ንጹሕ ቢሆንም፣ ከእጣቢና ሞልቶ ከፈሰሰ የመጸዳጃ ጉድጓድ ጋር ሲቀላቀል በሽታን ወደ ሰፊ ቦታ ያዛምታል።

የፍሳሽ ብክለት በብዛት የሚለካው ባዮኬሚካላዊ የኦክስጅን ፍላጎት (በአጭሩ ቢኦዲ) በተባለ መለኪያ ነው። ይህም ባክቴሪያዎች በፍሳሹ ውስጥ ያለውን የሚበሰብስ ነገር ለመፍጨት የሚወስዱትን የኦክስጅን መጠን ያመለክታል። በታዳጊ አገሮች ስሌት አንድ ሰው በቀን ከ30 እስከ 50 ግራም ቢኦዲ ያመነጫል ተብሎ ይወሰዳል። ያልተጣራ ፍሳሽ ወደ ወንዝ ሲገባ ባክቴሪያዎቹ የውሃውን ኦክስጅን ስለሚጨርሱት ዓሦችና ሌሎች ሕይወት ያላቸው ነገሮች ይታፈናሉ። ከዚህ ሌላ ሁለት ነገሮች ይለካሉ። እነርሱም በሽታ አምጪ ተሕዋስያን እንዲሁም አረምና አልጌ የሚያሳድጉት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ናቸው።

ቦታው፦ ወረታና የፎገራ ሜዳ

ወረታ የፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። የምትገኘው ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነው። ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ የሚያመራው መንገድም ከዚህ ይገነጠላል። በዚህ ምክንያት የመንገደኞች ማረፊያና የእህል ገበያ ሆናለች። የፎገራ ሜዳ በኢትዮጵያ ከሚታወቁት የሩዝ አምራች አካባቢዎች ቀዳሚው ሲሆን የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎችም በከተማዋ በብዛት ይገኛሉ። በአካባቢው እንደ ቁሐር ሚካኤል ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ገበሬው በክረምት ሩዝ ያመርታል፤ በበጋ ደግሞ ከወንዝና በእጅ ከተቆፈረ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ውሃ እየሳበ ሽንኩርትና ሌላ አትክልት ያለማል።

ሜዳው የተፈጠረው ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ አካባቢ እያጠቡ ባመጡት ደለል ነው። ጉና ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። የጣና ሐይቅ ወለል 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን የሜዳው ከፍታ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ከተራራው በፍጥነት የሚወርደው ውሃ ሜዳው ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፣ ከወንዙ ዳርቻ ይወጣል፣ ለሳምንታትም ሊተኛ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው መጥለቅለቅ በፎገራና በአጎራባቿ ሊቦ ከምከም ብዙ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ዝናቡ በአብዛኛው የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው።

መሬቱና የመጸዳጃ ጉድጓዱ

በወረታም ሆነ በሌሎች የአማራ ክልል መካከለኛ ከተሞች ዋናው የመጸዳጃ ዓይነት የጉድጓድ መጸዳጃ ነው። ሆቴሎችና የተሻለ አቅም ያላቸው ቤቶች ሴፕቲክ ታንክ ይጠቀማሉ። የሁለቱም አሠራር የተመሠረተው አፈሩ ውሃውን ይመጥጣል በሚለው ግምት ላይ ነው። ዝቃጩ ከታች ይቀራል፣ ውሃው ግን በጉድጓዱ ግድግዳ ወይም በማስረጊያ ጉድጓድ በኩል ወደ አፈር ይሰርጋል፣ እየሰረገም ይጣራል።

የዋልካ አፈር ይህን ግምት በሁለት መንገድ ያፈርሳል። በክረምት አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ቀዳዳዎቹ ስለሚደፈኑ ውሃ አያሳልፍም። በበጋ ደግሞ ደርቆ ስለሚሰነጣጠቅ ፍሳሹ ሳይጣራ በስንጥቁ በኩል በፍጥነት ወደ ታች ሊወርድ ይችላል። ማበጡና መሸማቀቁ በየዓመቱ ሲደጋገም ያልተጠናከረ የጉድጓድ ግድግዳና የሴፕቲክ ታንክ ግንብ ይሰነጠቃል።

በዚህ ላይ የከርሰ ምድር ውሃ በክረምት ወደ ገጽ ይቀርባል። በተለምዶ የሚመከረው የመጸዳጃ ጉድጓድ ወለል ከከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል፣ መጸዳጃውም ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅ ነው። በጎርፍ ሜዳ ላይ የመጀመሪያውን ማሟላት አስቸጋሪ ነው። በበጋ ደረቅ የነበረ ጉድጓድ በነሐሴ ከታች በከርሰ ምድር ውሃ፣ ከላይ በጎርፍ ሊሞላ ይችላል። ከዚያም ሰገራው ወደ መንገድ ቦይ፣ ወደ ግቢና ወደ ሩዝ ማሳ ይወጣል። ያው ጥልቀት የሌለው የከርሰ ምድር ውሃ ለመጠጥም ለመስኖም የሚቀዳበት በመሆኑ ጉዳቱ መጸዳጃው ባለበት ግቢ አይወሰንም።

ለዚህ ዓይነት መሬት የሚመከሩት መጸዳጃዎች ከመሬት ከፍ ብለው የተሠሩ፣ ውስጣቸው በግንብ ወይም በሲሚንቶ ቀለበት የተለበጠና ውሃ የማያስገባ ማጠራቀሚያ ያላቸው ናቸው። እንዲህ ያለ መጸዳጃ ውሃውን ወደ አፈር ስለማይለቅ ቶሎ ቶሎ መመጠጥ አለበት። መጣጭ መኪና ከሌለና መኪናው የሚያራግፍበት ጣቢያ ካልተዘጋጀ መጸዳጃውን ማሻሻል ብቻውን ችግሩን ከግቢ ወደ ከተማ ዳርቻ ከማሸጋገር አያልፍም።

የማጣራት ደረጃዎች

በፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራው በአጠቃላይ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይከናወናል።

1. ቅድመ ማጣራት፦ የብረት ወንፊት ጨርቅን፣ ላስቲክንና እንጨትን ይይዛል፤ አሸዋ በጠባብ ገንዳ ውስጥ ይዘቅጣል።

2. የመጀመሪያ ደረጃ፦ ፍሳሹ በገንዳ ውስጥ ረግቶ ሲቆይ ጠጣሩ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ደረጃ ከቢኦዲው አንድ ሦስተኛ ያህሉ ይወገዳል።

3. ሁለተኛ ደረጃ፦ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ የሟሟውን የሚበሰብስ ነገር ይመገቡታል። ሥራው አየር ባለበት ወይም አየር በሌለበት ሁኔታ ሊከናወን ይችላል። በ1914 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በማንችስተር የተፈለሰፈው የነቃ ዝቃጭ ዘዴ አየርን በማሽን እየነፋ ይህን ሥራ ያፋጥናል፤ የሚፈልገው ቦታ ትንሽ፣ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ግን ብዙ ነው።

4. ሦስተኛ ደረጃ፦ በሽታ አምጪ ተሕዋስያን በክሎሪን፣ በጨረር ወይም ጥልቀት በሌላቸው ኩሬዎች ውስጥ በፀሐይ ኃይል ይገደላሉ። አስፈላጊ ከሆነ ናይትሮጅንና ፎስፈረስም ይቀነሳሉ።

5. የዝቃጭ አያያዝ፦ በየደረጃው የተጠራቀመው ዝቃጭ ተለይቶ ይብላላል፣ ይደርቃል፣ ከዚያም ይወገዳል ወይም ለማዳበሪያነት ይውላል።

የፍሳሽ መስመር ወይስ መጣጭ መኪና

የትላልቅ ከተሞች ልምድ ፍሳሽን በምድር ውስጥ ቱቦ ወደ ማጣሪያ መውሰድ ነው። ቱቦው ፍሳሹን በራሱ ክብደት እንዲያወርድ ተዳፋት ያስፈልገዋል። ትናንሽ ቱቦዎች በ1 ኪሎ ሜትር 5 ሜትርና ከዚያ በላይ መውረድ አለባቸው። በጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ይህ ማለት ቱቦው በየኪሎ ሜትሩ እየጠለቀ ይሄዳል፣ ከዚያም በፓምፕ እንደገና መነሳት አለበት ማለት ነው። ፓምፑ ደግሞ የማይቋረጥ ኤሌክትሪክና ባለሙያ ይፈልጋል። በክረምት የከርሰ ምድር ውሃ በቱቦው መገጣጠሚያ እየገባ የሚጣራውን መጠን ያበዛዋል። በተጨማሪም ቤቶች በየቀኑ በቂ ውሃ ካልለቀቁበት ጠጣሩ ተከማችቶ መስመሩን ይደፍነዋል።

የሁለቱን ዘዴዎች ልዩነት በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። ለምሳሌ 30,000 ነዋሪ ያላትን ከተማ እንውሰድ።

በቱቦ መስመር፦ እያንዳንዱ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢለቅ በየቀኑ 1,500 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ወደ ማጣሪያው ይደርሳል።

በጉድጓድ መጸዳጃ፦ በአንድ ሰው በዓመት 40 ሊትር ዝቃጭ ቢጠራቀም የከተማዋ የዓመት ዝቃጭ 1,200 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ይህም ማለት የአንድ ዓመት ዝቃጭ በመጠን ከአንድ ቀን የቱቦ ፍሳሽ ያንሳል ማለት ነው። 8 ሜትር ኩብ የሚይዝ አንድ መጣጭ መኪና ይህን በ150 ምልልስ፣ ማለትም በሳምንት ሦስት ጊዜ ያህል በመመላለስ ሊያነሳው ይችላል። በእርግጥ ሴፕቲክ ታንክ ሲበዛና ጉድጓዶች ውሃ ሲይዙ የሚነሳው መጠን በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ቢሆንም የስሌቱ ትርጉም አይለወጥም፤ ቱቦ ለመዘርጋት አቅም የሌላት ከተማ እንኳ የዝቃጭ ሥራዋን በአነስተኛ ወጪ መጀመር ትችላለች። እጣቢው ግን በመኪና የሚነሳ ስላልሆነ ለብቻው የተከለለ ቦይና ማስተናገጃ ያስፈልገዋል።

ለመካከለኛ ከተማ የሚስማሙ ማጣሪያዎች

የዝቃጭ ማድረቂያ መደብ

ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ የተነጠፈበት በግንብ የታጠረ መደብ ነው። መኪናው ያመጣው ዝቃጭ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይፈስስበታል። ውሃው በአሸዋው በኩል ወደ ታች ይወርዳል፣ ቀሪው በፀሐይ ይደርቃል። አንድ ካሬ ሜትር መደብ በዓመት ከ100 እስከ 200 ኪሎ ግራም ደረቅ ነገር ያስተናግዳል። ከላይ የተጠቀሰው 1,200 ሜትር ኩብ ዝቃጭ በአንድ ሜትር ኩብ 30 ኪሎ ግራም ደረቅ ነገር ቢኖረው 360 ካሬ ሜትር ያህል መደብ ይበቃዋል። ድክመቱ ክረምት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝቃጩ ስለማይደርቅ መደቡ ጣሪያ፣ ወይም ዝቃጩ እስኪበራ ድረስ የሚቆይበት ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። ከመደቡ ሥር የሚወጣው ውሃም ንጹሕ ስላልሆነ በትንንሽ ኩሬዎች መጣራት አለበት።

የማረጋጊያ ኩሬዎች

ተከታታይ ኩሬዎች ሲሆኑ ፍሳሹ ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስ ብሎ ያልፋል። የመጀመሪያው ጥልቅና አየር አልባ ነው፤ ጠጣሩ በዚያ ይዘቅጣል። ሁለተኛው ከ1.5 ሜትር ገደማ አይጠልቅም፤ አልጌዎች በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያመነጫሉ፣ ባክቴሪያዎችም በዚያ ኦክስጅን ይሠራሉ። የመጨረሻዎቹ አንድ ሜትር ያህል ጥልቀት ያላቸው የማጠናቀቂያ ኩሬዎች በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ይቀንሳሉ። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሁለተኛው ኩሬ በሄክታር በቀን 250 ኪሎ ግራም ያህል ቢኦዲ ይችላል። ዘዴው ማሽንም ኤሌክትሪክም ስለማይፈልግ ለመካከለኛ ከተማ ይስማማል፤ ዋጋው የሚከፈለው በመሬት ስፋት ነው። በፎገራ መሬት ደግሞ የሩዝ ማሳ ነው።

የዋልካ አፈር እዚህ ላይ ጥቅም አለው። የመጸዳጃ ጉድጓድን የሚያስቸግረው ውሃ ያለማሳለፍ ባሕርይው የኩሬን ወለል ለማሸግ ያገለግላል። ለዚህ ግን ኩሬው ሁልጊዜ እርጥብ መሆን አለበት፤ ከደረቀ ይሰነጠቃል። የኩሬው ግድብ ጫፍም ከታወቀው ከፍተኛ የጎርፍ ወለል በላይ መሆን ይኖርበታል። ጎርፍ የገባበት ማጣሪያ ለወራት ያጠራቀመውን በአንድ ቀን ወደ ሜዳው ይለቅቃል። ስለዚህ ለጣቢያው የሚመረጠው ቦታ ከወንዝ ዳር ይልቅ በሜዳው ጠርዝ ያለ ከፍ ያለ መሬት ነው።

ሰው ሠራሽ ረግረግ

ፍሳሹ ፊላ፣ ደንገል ወይም ሸምበቆ በተተከለበት የጠጠር ንጣፍ ውስጥ እንዲያልፍ የሚደረግበት ዘዴ ነው። ተክሎቹ በጣና ዳርቻ በተፈጥሮ የሚበቅሉ ናቸው። ዘዴው ለእጣቢ፣ ለትምህርት ቤትና ለሆቴል ፍሳሽ ይስማማል። በፎገራ ሜዳ የሚገኙት ሸሸርና ወላላ የተባሉት ረግረጎችም በተፈጥሯቸው ደለልን ያስቀራሉ። ይሁን እንጂ የወፎችና የከብቶች መዋያ ስለሆኑ በማጣሪያ ምትክ ሊያገለግሉ አይገባም።

የኢትዮጵያ ልምድ

በኢትዮጵያ ሰፊ የፍሳሽ መስመር ያላት ከተማ አዲስ አበባ ናት። የመጀመሪያው የቃሊቲ ማጣሪያ በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተሠራ ሲሆን በቀን 7,500 ሜትር ኩብ ገደማ የሚያስተናግዱ የማረጋጊያ ኩሬዎች ነበሩት። ከተማዋ ስታድግ በዚያው ቦታ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ የሚያጣራ ጣቢያ በዓለም ባንክ ድጋፍ ተገንብቷል። በአዲሱ ጣቢያ ፍሳሹ መጀመሪያ ከታች ወደ ላይ በዝቃጭ ንጣፍ ውስጥ በሚያልፍበት አየር አልባ ገንዳ፣ ቀጥሎ ውሃው በድንጋይ ወይም በፕላስቲክ ንጣፍ ላይ በሚንጠባጠብበት ማጣሪያ ያልፋል። በኮተቤ ደግሞ መጣጭ መኪኖች ያመጡት ዝቃጭ የሚደርቅባቸው መደቦች አሉ። በጋራ መኖሪያ ቤቶች አካባቢ አነስተኛ ማጣሪያዎች ተተክለዋል።

ለሌሎች ከተሞች የተቀየሰው መንገድ የተለየ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. የጸደቀውና በዓለም ባንክ የሚደገፈው ሁለተኛው የከተሞች ውሃ አቅርቦትና ሳኒቴሽን ፕሮጀክት ከአዲስ አበባ ሌላ 22 ከተሞችን ያቀፈ ነው። ትኩረቱም በመጣጭ መኪና፣ በዝቃጭ ማጣሪያ ጣቢያና በሕዝብ መጸዳጃ ቤቶች ላይ ነው። እንደ ወረታ ላለ ከተማ ቀረብ ያለው ምሳሌ ከቃሊቲው ትልቅ ጣቢያ ይልቅ ይህ ነው።

ጣና ሐይቅና ዳግም ጥቅም

ጣና የዓባይ መነሻ፣ በኢትዮጵያም ትልቁ ሐይቅ ነው። አማካይ ጥልቀቱ ከ10 ሜትር ስለማይበልጥ የሚገባበትን ደለልና ንጥረ ነገር ለማቅጠን ያለው አቅም ውስን ነው። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. ሐይቁንና ዙሪያውን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አድርጎ መዝግቦታል። እምቦጭ የተባለው መጤ አረም በሐይቁ ላይ የታየው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን በይበልጥ የተስፋፋው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻዎች ነው። አረሙ የሚመገበው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ከማዳበሪያ፣ ከአፈር መሸርሸር፣ ከከብት ፍግና ከከተሞች ፍሳሽ ይመጣል። ስለዚህ ፍሳሽ ማጣራት ብቻውን እምቦጭን አያጠፋም፤ ከምንጮቹ አንዱን ግን ይዘጋል።

የማረጋጊያ ኩሬዎች ቢኦዲንና ተሕዋስያንን በደንብ ሲቀንሱ ፎስፈረስን በአብዛኛው ያሳልፋሉ። በዚህ ምክንያት የተጣራውን ውሃ ወደ ወንዝ ከመልቀቅ ይልቅ በበጋ ለመስኖ ማዋል ሁለት ጥቅም አለው፤ ገበሬው ውሃና ማዳበሪያ ያገኛል፣ ወደ ሐይቁ የሚሄደው ንጥረ ነገርም በማሳው ላይ ይቀራል። የዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ ለመስኖ በሚውል ፍሳሽ ውስጥ በአንድ ሊትር ከአንድ የማይበልጥ የጥገኛ ትል እንቁላል እንዲኖር ይመክራል። ጥሬውን የሚበላ እንደ ሰላጣና ቲማቲም ያለ አትክልት ተቀቅሎ ከሚበላ ሰብል የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የደረቀ ዝቃጭም ለአፈር ማበልጸጊያ ይሆናል። ነገር ግን የወስፋት እንቁላል በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይሞት መቆየት ስለሚችል ዝቃጩ ከደረቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት፣ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ እስከ ሁለት ዓመት ሳይነካ መቀመጥ ወይም በሚገባ ግሎ መብላላት ይኖርበታል።

ሕግና ኃላፊነት

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ፍሳሽን ወደ ውሃ አካል መልቀቅን በፈቃድ ሥር ያደርጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የከተማ አስተዳደሮች የከተማን ቆሻሻ መሰብሰብን፣ ማጓጓዝንና እንደ ሁኔታው ማጣራትን ወይም በአስተማማኝ ሁኔታ ማስወገድን እንዲያረጋግጡ ያስገድዳል።

በተግባር ሥራው በብዙ እጅ የተከፋፈለ ነው። የመጸዳጃውን ጉድጓድ የሚቆፍረው ባለቤቱ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታስተምራለች፣ ማዘጋጃ ቤት የጎርፍ ቦይ ያጸዳል፣ የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት የቧንቧ ውሃ ያቀርባል። የቧንቧ ውሃ በጨመረ ቁጥር እጣቢውም ስለሚጨምር የውሃ ፕሮጀክትና የፍሳሽ ሥራ አብረው ካልታቀዱ አንዱ የሌላውን ችግር ያባብሳል። የጉድጓድ መመጠጫ ወጪ የሚከፈለው ጉድጓዱ ሲሞላ በአንድ ጊዜ በመሆኑ አቅም የሌለው ቤተሰብ ያዘገየዋል። ክፍያው ከውሃ ቢል ጋር በየወሩ በጥቂት በጥቂቱ ሲሰበሰብ ግን ጉድጓዶች ከክረምት በፊት በተራ ሊመጠጡ ይችላሉ። በጎርፍ ሜዳ ላይ ይህ ጊዜ ወሳኝ ነው፤ እስከ ግንቦት ያልተነሳ ዝቃጭ በነሐሴ ጎርፉ ራሱ ያነሳዋል።

ለሠራተኞች ደኅንነት ሲባል ማንም ሰው ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ወይም ወደ ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ መግባት የለበትም። በውስጡ የሚጠራቀመው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። የወደቀን ሰው ለማውጣት ያለ መከላከያ የገባ ሰውም ተመሳሳይ አደጋ ይደርስበታል።

ደግሞ ይዩ

ወረታ
የፎገራ ወረዳ
ጣና ሐይቅ
ርብ ወንዝ
ጉማራ ወንዝ
እምቦጭ